የአንባቢያን ጥያቄ፦ መታሸት፣ መርፌና ዋግምት ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ስለ ወገብ ሕመም ከጻፍን ወዲህ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ስታሽ ይቀለኛል፣ ለምን? ተወግቼ ተሻለኝ፣ እውነት ነው ወይስ ልቤ ነው? ስምንቱን መርጠናል። መልሱን ያዘጋጁት የፊዚዮቴራፒና የውስጥ ደዌ ባለሙያዎች ናቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ መልሷን በስልክ ያኔውኑ አግኝታለች፤ እዚህ የምናወጣው ሌላ አራስ ያለበት ቤት እንዲያነበው ብለን ነው።

«የወንድሜ ሚስት ከወለደች 12 ቀኗ ነው። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች አብጧል፣ ይሞቃል፣ ባቷን ሲነኳት ያማታል። ጎረቤቶች “ብርድ ነው፣ በቅቤ ይታሽ” ይላሉ። እንሽላት?»
— ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

አትሹት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት።

ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ የእርግዝናው ውኃ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ አብጦ ሲሞቅና ባት ሲያም ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው በጥልቁ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነው። በእርግዝናና በአራስነት ደም ቶሎ ይረጋል፤ ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደግሞ ከሁሉም የከፉ ናቸው። የግራ እግር ይበዛል፣ ምክንያቱም የግራውን ደም መላሽ ሥር ሆድ ውስጥ አንድ ደም ቅዳ ይጫነዋል። ማሸት ጤነኛ እግር ላይ የሚጠቅመው ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋ ነው። እዚህ ግን የሚገፋው የረጋውን ነው፤ ከተነሣ መድረሻው ሳንባ ነው። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት ባጃጅ እስኪገኝ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ ጥሩ።

«መኪና ግርግር ላይ 22 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ከማጅራቴ እስከ ትከሻዬ እንደ ገመድ ይከርራል። ልጄ ማታ በሰሊጥ ዘይት ስታሸኝ ደህና እተኛለሁ፤ በማግስቱ ሲንጀሩ ላይ ስቀመጥ ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። እጇ ምን አድርጎት ነው የሚለቀው? ለምንስ አይዘልቅም?»
— ሐረር

ጋሼ፣ ለሁለቱም ጥያቄዎ መልሱ አንድ ነው። ሲታሹ የሚያገኙት እፎይታ አብዛኛው ከነርቭ የሚመጣ ነው፤ ጡንቻው ራሱ ብዙም አልተለወጠም። ነርቭ ደግሞ የሰዓታት ነገር ነው።

ከቆዳና ከጡንቻ ተነሥተው ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሄዱ ነርቮች ውፍረታቸው ይለያያል። ንክኪን የሚያደርሱት ወፍራምና ፈጣን ናቸው፤ የሚቆረጥመውንና የሚያቃጥለውን ሕመም የሚያደርሱት ቀጫጭንና ዘገምተኛ። ሁሉም ኅብለ ሰረሰሩ ጀርባ ላይ አንድ ጣቢያ ይገባሉ። ወፍራሞቹ መልእክት ሲያበዙ እዚያ ያሉ ትናንሽ ነርቮች የሕመሙን መልእክት ያፍኑታል። ጉልበታችንን ጠረጴዛ ሲመታን ሳናስብ የምናሸው ለዚህ ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ይህንን እ.ኤ.አ. በ1965 «የበር» ሐሳብ ብለው አወጡት። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል፣ መሠረቱ ግን አልፈረሰም። ለጀጎል ሰው ደግሞ በር ማስረዳት አያሻም፤ ሸዋ በር ሰው ሲሞላበት አህያዋ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች።

ሁለተኛም ነገር አለ። በክንድ፣ በጀርባና በማጅራት ቆዳ ላይ ለዝግታ ዳበሳ ብቻ የሚነቁ ልዩ ነርቮች አሉ። እጅ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ ይመልሳሉ፤ በጣም የሚስማማቸው 3 ሴንቲ ገደማ ነው፣ እጁም ሞቅ ያለ ሲሆን። ከጆሮዎ ሥር እስከ ትከሻዎ ጫፍ 20 ሴንቲ ቢሆን፣ ልጅዎ ያንን መንገድ በ6 ወይም በ7 ሰከንድ ማለፍ አለባት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሊጥ እንደሚያሽ ይቸኩላል።

«አሲዱ ይወጣል» የሚባለውን ይተዉት። ላክቲክ አሲድ ከሥራ በኋላ ማንም ሳይነካው በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የካናዳ ጥናት ላይ 11 ወጣቶች እስኪዝሉ ብስክሌት መቱና አንድ ጭናቸው ብቻ ለ10 ደቂቃ ታሸ። ከሁለቱም ጭን ቅንጣት ጡንቻ ተወስዶ ሲመረመር በላክቲክ አሲዱ በኩል ልዩነት አልነበረም። በታሸው ጭን ውስጥ ግን የብግነት ምልክቶች (የሥጋ መቆጣት ምልክቶች) ቀንሰው፣ ሕዋሱ ኃይል ማመንጫዎቹን እንዲያበዛ የሚያዝዘው ምልክት ጨምሮ ተገኘ። ስለዚህ ማሸት ጡንቻውን ጨርሶ አይነካውም አንልም፤ ነገር ግን ያ ከከባድ ስፖርት በኋላ የታየ ነው፣ የእርስዎ ችግር ደግሞ የመቀመጥ ነው።

ለልጅዎ አሠራሩ ይህ ነው። በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ማጅራትዎ ላይ 10 ደቂቃ ይቆይ። ዘይቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከበዛ እጅ ይንሸራተትና ጫናው ይጠፋል። መጀመሪያ 3 ደቂቃ በዝግታ ዳበሳ። ቀጥሎ የከረረውን ቋጠሮ በአውራ ጣት ፈልጋ ሳታሽከረክር ትጫነው፣ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። ሕመሙን ከ10 ቢቆጥሩት ከ5 ወይም ከ6 አይለፍ፤ ትንፋሽዎን ከያዙ በዝቷል ማለት ነው፣ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል መልሶ ይከርራል። ሦስት አራት ቋጠሮ ከተጫነች በኋላ እንደገና ዝግታውን ዳበሳ ታድርግና ትጨርስ። ፎጣው ሳይቆጠር ጠቅላላው 15 ደቂቃ ነው። ከጉሮሮ ግራና ቀኝ ወደ ጭንቅላት የሚወጡትን ደም ቅዳዎች እንዳትጫን፤ ሰው ይስታል። አንገት ጠምዝዞ «ቀጭ» ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። አልፎ አልፎ በአንገት አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ይሰነጥቀዋል፣ ውጤቱም ስትሮክ ነው።

እንዲዘልቅ ከፈለጉ ግን ሥራው ሲንጀሩ ላይ ነው። ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ጨርቁ ባጎነበሱ ቁጥር ያንን ተሸክሞ የሚውለው ይኸው የሚያምዎት ጡንቻ ነው። ወንበሩ ዝቅ ብሎ ወይም ከማሽኑ ጠረጴዛ ሥር ጣውላ ገብቶ ጨርቁ ወደ ዓይንዎ ይቅረብ። በየ30 ደቂቃው ተነሥተው ከትከሻዎ ጀርባ ያሉትን ሁለት ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ኋላ ያቀራርቡ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። እጅዎ መደንዘዝ ወይም መቀስ መያዝ አልሆን ማለት ከጀመረ ግን ጉዳዩ የጡንቻ አይደለም፤ ሐኪም ይይዎት።

«ለዕቃ ቻይና፣ ጓንዡ ስመላለስ ጉልበቴ አሞኝ አኩፓንክቸር (የቻይናዎቹ የመርፌ ሕክምና) ተደረገልኝ። መርፌው ሲዞር ከበድ፣ ደንዘዝ አለኝ፤ ለሁለት ሳምንት ቀለለኝ። እዚህ ስናገር ይስቁብኛል። እውነት ነው ወይስ እምነት?»
— ታይዋን ገበያ፣ ድሬዳዋ

እህታችን፣ የሚስቁትም የሚምሉበትም ግማሽ ግማሽ ትክክል ናቸው።

ከመርፌው እንጀምር። እንደ ክትባት መርፌ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው፣ ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሥጋውን እየቆረጠ ሳይሆን እየገፋ ስለሚገባ ብዙ አያምም። ሲሽከረከር የሚሰማው «መያዝ» በእውን የሚለካ ነገር ነው፦ የዞረ መርፌ ለመንቀል ካልዞረው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ይህንን በአሜሪካ ቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ሄለን ላንዠቫን በ2000ዎቹ መጀመሪያ መዝግባዋለች። መርፌውን የሚይዘው፣ ሥጋ ቤት ቆዳ ሲገፈፍ ከሥሩ የሚታየው ነጭ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ሽፋን ነው። ፓስታ ሹካ ላይ እንደሚጠቀለል ክሮቹ መርፌው ላይ ይጠመጠማሉ። ሲሳቡ በአካባቢው ያሉ ሕዋሳት ቅርጻቸው ይለጠጣል፣ ነርቮቹም ይነቃሉ።

ከዚያ የሚሆነው በአይጦች ላይ በደንብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሥራ ከጉልበት በታች፣ ቻይናዎቹ ዙሳንሊ በሚሉት ነጥብ ላይ መርፌ ተክሎ በየ5 ደቂቃው እያዞረ 30 ደቂቃ አቆየ። በቦታው ያለው አዴኖሲን 24 እጥፍ ገደማ ጨመረ። አዴኖሲን የሕመም ነርቭን የሚያቀዘቅዝ የሰውነት የራሱ ኬሚካል ነው። እሱን የሚቀበለው ኤ1 የተባለው ተቀባይ የሌላቸው አይጦች በመርፌው ምንም አልቀለላቸውም። ለሐረርጌ ሰው ታዲያ እዚህ ላይ ዜና አለ፦ ቡና የሚያነቃን ካፌይኑ የአዴኖሲንን ተቀባዮች ስለሚዘጋ ነው፤ አይጦች ካፌይን አስቀድመው ሲሰጣቸው የመርፌው ማስታገስ ይጠፋል። ይህ የአይጥ ውጤት ነው፣ ሰው ላይ እንዲሁ ይሆናል ብለን አንምልም። ግን ካፌይን ደም ውስጥ ለመጋመስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታልና፣ ቀጠሮዎ ከሰዓት ከሆነ ጠዋት ከአንድ ሲኒ አለማለፍ የሚያስከፍል ነገር የለውም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲመለሱ ይደርሳል።

ሦስተኛው መንገድ አንጎል የሚያመነጨው የራሱ ሞርፊን፣ ኢንዶርፊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሰዎች ጥርስ ሕመም ላይ በተሠራ ሙከራ የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን ሲሰጥ የመርፌው እፎይታ ጠፋ፤ ይህም ሥራው በኢንዶርፊን በኩል መሆኑን ጠቆመ። ቤጂንግ ውስጥ ሃን ጂሼንግ መርፌውን ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ በሰከንድ 2 ጊዜ ሲነዝር አንድ ዓይነት፣ 100 ጊዜ ሲነዝር ሌላ ዓይነት ማስታገሻ እንደሚወጣ አሳይቷል።

አሁን የሚስቁት ትክክል ወደሆኑበት። ጀርመኖች 1,162 የወገብ ሕመምተኞችን በሦስት ከፍለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። እውነተኛ ነጥብ ላይ የተወጉት 47.6 በመቶ፣ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን የተወጉት 44.2 በመቶ፣ የተለመደውን መድኃኒትና እንቅስቃሴ ያገኙት 27.4 በመቶ ተሻላቸው። መርፌው ከተለመደው ሕክምና በለጠ፣ ነጥቡ ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም። ሰውነት ውስጥ ቻይናዎቹ «ጪ» የሚሉት የሕይወት ኃይል የሚሄድበት መስመርም ተቀዶ ታይቶ አያውቅም። ከእፎይታው የተወሰነው የተስፋና የባለሙያው እጅ ነው፤ ተስፋ ራሱ ኢንዶርፊን ያስወጣል፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያው በናሎክሶን ታይቷል። ስለዚህ «ልብሽ ነው» ለሚሉዎት ሰዎች፣ ልብም ኬሚካል እንዳለው ይንገሯቸው።

በአንጻሩ ቦታ ትርጉም የለውም ብሎ መደምደምም ችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይጥ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ በዙሳንሊ ነጥብ ሲሰጥ ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ በሚወርደው ቫገስ ነርቭና ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል እጢ በኩል ብግነትን አበረደ፤ ያው ኤሌክትሪክ ሆድ ላይ ሲሰጥ አላደረገውም። ምክንያቱ የኋላ እግር ጥልቅ ሽፋን ውስጥ ያሉ የተለዩ ነርቮች ሆድ ላይ አለመኖራቸው ነው። የጥንቶቹ ካርታ መስመሩን ስቶ አንዳንድ ነጥቡን ሳያገኘው አልቀረም።

ለጉልበትዎ፦ መርፌ ሕመሙን ለሳምንታት ቢያስታግስም በመገጣጠሚያው ያለውን ያለቀ ለስላሳ አጥንት አይመልስም። ቀለል ባለዎት በዚያ ጊዜ የጭን ጡንቻ ማጠንከር ነው ትርፉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ዳግመኛ ከተወጉ መርፌው ፊትዎ ከታሸገ ወረቀት ይውጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያገልግል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ትከሻ ወይም ደረት ላይ በጥልቀት ከተወጉ በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ሳንባ ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ሆስፒታል።

«ሂጃማ (ዋግምት) ሳስደርግ የወጣው ደም ጥቁርና እንደ ጉበት የረጋ ነበር። “ቆሻሻው ወጣልህ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ራስ ምታቴ ቀሎኛል። ያ ደም ምንድን ነው?»
— ፈላና በር፣ ሐረር

የራስዎ ጤነኛ ደም ነው። ከቆዳ ቀጫጭን ሥሮችና ከደም መላሽ የሚወጣ ደም ኦክስጅኑን ስላራገፈ ጠቆር ይላል፤ ዋንጫው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ደግሞ ይረጋል፣ እንደ ማንኛውም ደም። ቆሻሻ የሚያወጡት ኩላሊቶች ናቸው፤ በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራሉ። ከ5 ሊትር ደም ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ቢወጣ ከመቶ አንድ ነው፤ ቆሻሻ ቢኖር እንኳ 99ኙ እጅ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ደም ማውጣት በእርግጥ መድኃኒት የሚሆንባቸው ሕመሞች አሉ፣ ብረት የሚጠራቀምባቸው ወይም ቀይ ሕዋስ የሚበዛባቸው ሰዎች። ለእነሱ በሆስፒታል ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሊትር በመርፌ ይወሰዳል እንጂ በምላጭ አይደለም።

ታዲያ ለምን ቀለለዎት? ቀንድም ሆነ ፕላስቲክ ዋንጫ ቆዳውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ማሸት የሚገፋ ከሆነ ዋግምት የሚስብ ማሸት ነው። ወፍራሞቹ ነርቮች ይነቃሉ፣ ቅድም ለልብስ ሰፊው የጻፍነው በር ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ቀጫጭን ሥሮች ፈንድተው ደም ከቆዳ ሥር ይፈሳል፤ ክቡ ወይን ጠጅ ምልክት እሱ ነው። ያንን ደም ሰውነት ሲያፈርስ ሄም ኦክሲጅኔስ የተባለው ኢንዛይም ይሠራል፤ የሚያወጣቸው ነገሮች ብግነት የማብረድ ባሕርይ ስላላቸው የደረቁ፣ ሳይቆረጥ የሚደረገው ዋግምት እፎይታ በዚህ ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አሳማኝ ግምት ነው፣ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም። ያም ሆነ ይህ ሁለቱም መንገድ ምላጭ አይፈልግም፤ ደረቁ ዋግምት ይበቃል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ሲያልፍ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል።

መቆረጥ አለብኝ ካሉ የሚያሳስበን የጉበት ቫይረስ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሕያው ሆኖ ይቆያል። ምላጭን በክብሪት ማንበልበል ወይም በአልኮል ማበስ አይገድለውም ብለው ያስቡ። ምላጩ አዲስ ይሁን፣ ፊትዎ ይከፈት። ዋንጫው ወይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ወይ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) በ121 ዲግሪ የተቀቀለ መሆን አለበት። በረኪና የመጀመሪያው እርምጃ እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ 5 በመቶው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበርዞ ዕቃው 10 ደቂቃ ይነከርበታል፣ ከዚያ ታጥቦ ነው ወደ አውቶክሌቭ የሚገባው። ደም ማነስ፣ ስኳር ወይም እርግዝና ካለ፣ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም ከሆነ፣ መቆረጡ ይቅር። ራስ ምታቱም የደም ግፊት ምልክት እንዳይሆን ግፊትዎን ይለኩ።

«የቻይና ቅባት መጀመሪያ የሚያቀዘቅዝ ቀጥሎ የሚያቃጥል ለምንድን ነው? እናቴ ሚጥሚጣ በዘይት ለውሳ ጉልበቷን ትቀባለች፤ ያው ነው?»
— ከዚራ

ነርቭን ማታለል ነው። ቅባቱ ውስጥ ያለው ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚያስተውለውን የነርቭ ጫፍ ይነካል፤ ቆዳው ሳይቀዘቅዝ በረዶ የነካን ይመስለናል። የበርበሬው ካፕሳይሲን ደግሞ ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚያስተውለውን ይነካል፤ ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ተደጋግሞ ሲቀባ የሕመም ነርቡ እየደከመ ይሄዳል፣ ለዚህም የካፕሳይሲን ቅባት ፋርማሲ ውስጥ በልክ ተመዝኖ ይሸጣል። የእማማ ሚጥሚጣ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን የነካ እጅ ደግሞ የሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። ቅባት ተቀብቶ በላዩ ሙቅ ፎጣ ማድረግ የቃጠሎ ምክንያት ነው፤ አንዱን ይምረጡ። ስኳር ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ከሆነ ሁለቱም አይሆኑም።

«የ6 ዓመት ልጄ ከአጥር ላይ ወድቆ ክርኑ አብጧል። አያቱ ጎበዝ ወጌሻ አለ ይላሉ። እኔ ደግሞ ራጅ ይነሣ እላለሁ።»
— ለገሀሬ፣ ድሬዳዋ

ራጅ ይነሣ። አያቱን የሚያሳምን ምክንያት እንስጥዎ።

በዚህ ዕድሜ ሲወደቅ የሚሰበረው በብዛት ከክርን በላይ ያለው ስስ አጥንት ነው። ክንድን የሚመግበው ደም ቅዳና ከዋናዎቹ ነርቮች አንዳንዶቹ ከስብራቱ ፊት ለፊት ያልፋሉ። ሲታሽ የአጥንቱ ስለት እነሱን ይነካል። በቀርከሃ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ጡንቻው ደም ያልቅበታል፤ በ6 ሰዓታት ውስጥ ካልተፈታ መሞት ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ክንዳቸው ከተቆረጠ ሕፃናት ብዙዎቹን የጎዳቸው ስብራቱ ሳይሆን እስሩ ነው። ስብራት ባይኖርም እንኳ የተመታ ክርን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥብቆ ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ከዚያ ክርኑ አይታጠፍም።

እስክትደርሱ ክርኑን እንዳገኙት ይተዉት፣ አያጥፉት አይዘርጉት። የታጠፈ ካርቶን ከሥር አድርገው በነጠላ አንገቱ ላይ ያንጠልጥሉት። በየ15 ደቂቃው የጣቱን ጥፍር ተጭነው ይልቀቁ፤ ነጭ የሆነው በ2 ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። ጣቶቹ ከነጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ጣቱን ቀስ ብለው ሲዘረጉት ከጮኸ አስቸኳይ ነው ብለው ለተረኛው ይንገሩ። ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል መንገድ ላይ ምግብ አይስጡት።

ወጌሻን መናቃችን አይደለም። ራጅ ታይቶ ስብራት የለም በተባለ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ላይ፣ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ፣ ጥሩ እጅ ያላቸው አሉ።

«አቦ፣ ባጃጅ ነጂ ነኝ። የግራ እጄ ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣቴ ይደነዝዙኛል። አንዱ ጅማትህ ዞሯል ብሎ ክርኔን ሲያሸኝ ባሰብኝ።»
— ቀፊራ

ወንድማችን፣ የዞረ ጅማት የለም። ክርንህ ውስጠኛው ጎን ላይ፣ ስትመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝርህ ቦታ፣ አንድ ነርቭ ከቆዳው ሥር ባዶውን ያልፋል። ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ የሚያዘው እሱ ነው። በርጫ ላይ በግራ ክርንህ ተደግፈህ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ድካምን ስለሚሸፍን ቦታህን ሳትቀይር ሦስት አራት ሰዓት ይሄዳል፤ ነርቡ ያንን ሁሉ ተጨፍልቆ ይቆያል። የተጨፈለቀ ነርቭ ላይ ማሸት ሲጨመር መባሱ አይገርምም።

በግራ መደገፉን ለ6 ሳምንት ተው። ሌሊት ክርንህ እንዳይታጠፍ ፎጣ ጠቅልለህ በፕላስተር እሰረው፣ ሳይጠብቅ። ወረቀት በአውራ ጣትህና በጠቋሚ ጣትህ መካከል ያዝና ሰው ይንጠቅህ፤ ለማስቀረት የአውራ ጣትህ ጫፍ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ወይም በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ሥጋ ከጎደጎደ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ነርቡ እንደ ገመድ ወፍሮ ከተዳሰሰና ቆዳህ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምርመራ ጠይቅ። በክኒን የሚድን በሽታ ነው፤ ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው ቢሲዲሞ ሆስፒታል በዚህ የቆየ ስም አለው።

«ከድሬ ሐረር ስሄድ ደንገጎ ላይ ሁሌ ያስመልሰኛል። የእጅ አንጓ መጫን ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?»
— ተማሪ፣ ድሬዳዋ

የተወሰነ እውነት አለው። ነጥቡ ከእጅሽ አንጓ እጥፋት ሦስት ጣት ወደ ክንድሽ ገባ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ነው። ከሥሩ የሚያልፈው ነርቭ ሲነቃ በአንጎል ግንድ በኩል የጨጓራን መኮማተር ሊያረጋጋ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ማስረጃው የጠነከረው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ ነው፤ ለመኪና መንገድ ግን አንዳንዱ ጥናት ይደግፈዋል፣ አንዳንዱ አይደግፈውም። በአውራ ጣትሽ 2 ደቂቃ ተጫኚ፣ እጅ ቀይሪ፣ ዳገቱ ሳይጀምር። ከጀመረሽ በኋላ ብዙም አይረዳም።

የሚያስመልስሽ ጆሮሽ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ «ዞርን» ሲል ስልክ ላይ የተተከለው ዓይንሽ «ቆመናል» ስለሚል ነው። ስልኩን ከተሽ ሚኒባሱ ውስጥ ፊት ወንበር ያዢና ሩቁን መንገድ ተመልከቺ። ከመነሣትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል ዱቄት በሻይ ጠጪ፤ ሆድሽ ባዶም ጢም ያለም አይሁን። መስኮቱን ደግሞ ሌላው ተሳፋሪ ንፋስ መታኝ ሳይል ጥቂት ክፈቺው።